ላሜራ ላይ የቀረው የኦጁሉ ዶቃ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ሰይድ የቀለም ብሩሽ አላስነኩኝም። የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ሰጥተውኝ፣ ዝገት የበላው ትልቅ ላሜራ ፊት አስቀመጡኝና «ፋቅ» አሉኝ። «እስከ መቼ ልፋቅ ጋሼ?» ስላቸው «እጅህ ሲያልፍበት ምንም እስከማይዘው» አሉ። ታፔላ ቤታቸው ጋምቤላ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ ከኒም ዛፍ ሥር ነበር። ጥላው ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ላሜራው እጅ ይፈጃል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መዳፌ ተልጦ ዳቦ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ያደግኩት አቦቦ ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እርሻው ለእኔ አልሆነልኝም፤ እውነቱን ለመናገር ሰነፍ ነበርኩ። ፊደል ማሳመር ግን እወድ ነበር። የትምህርት ቤታችን በር ላይ የጻፍኩትን ያየ አንድ መምህር ነው ጋሽ ሰይድ ዘንድ የላከኝ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሁን ሃምሳን አልፌያለሁ።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ ፋቂ ትሆናለህ። ቀጥሎ መደብ ቀቢ ትሆናለህ፤ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ትቀባለህ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ትሞላለህ፣ መደቡን ሁለት እጅ ትቀባለህ። ፊደል ጣይ ለመሆን እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሁሉ በላይ ያለው ሥራ ግን ታፔላውን ግድግዳ ወይም ብረት ላይ ማስያዝ ነው። እሱን ጋሽ ሰይድ ለማንም አይሰጡም ነበር።

የተሰቀለ ታፔላ ደግሞ ፈተና አለበት። ጋሽ ሰይድ ወፍራም ሰው ነበሩ። ጫፉን በሁለት እጃቸው ይይዙና እግራቸውን ከመሬት አንስተው ይንጠለጠሉበታል። አንድ ቀን አንዲት ባለ ሆቴል ደንግጣ «ሰውዬው ምን እያደረጉ ነው?» አለች። «የክረምቱ ነፋስ የሚያደርገውን ነዋ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይመር፣ ያስያዝከው ነገር ከተነቀለ ስምህም አብሮ ተነቀለ በለው» አሉኝ። ይቺን ቃል እንደ ዳዊት ስደግማት ኖርኩ።

ጋሽ ሰይድ ሲያርፉ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ለሱቆች፣ ለጋራዦች፣ ለመድኃኒት ቤቶች ሠራሁ። ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ሲከፈት ደግሞ ሥራው በላይ በላዩ መጣ። የውሃ ቦታ፣ የምዝገባ፣ የክሊኒክ ታፔላ። በኑዌር ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይሰጡኛል፤ እኔ አንድ በአንድ እያየሁ እገለብጣለሁ። የማላነበውን ነገር እያሳመርኩ ስንት ዓመት እንደጻፍኩ ሳስበው አሁን ይገርመኛል። ያኔ ግን አንድም ቀን ምን እንደሚል ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ የእርሻው ታፔላ መጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ የእርሻ ድርጅት በአቦቦ መንገድ ዳር ሰፊ ጫካ ወስዶ መነጠረ። ሥራ አስኪያጁ «ከመኪና ላይ የሚነበብ፣ ከእኔ ዕድሜ በላይ የሚቆይ ሥራልኝ» አለኝ። ቁመቱ ሁለት፣ ወርዱ አራት ሜትር፤ ቋሚው አንግል ብረት፣ እግሩ በሲሚንቶ የተቀበረ። ስናቆመው ከኋላችን ዛፍ እየተገነደሰ ነበር። የእኔ ዓይን ግን ከፊደሌ ላይ አልተነሳም። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ድርጅቱ የተበላሹ ትራክተሮቹን ጥሎ ሄደ፤ መሬቱ ላይ ጉቶና ሣር ብቻ ቀረ። ታፔላዬ ግን ቆሞ ነበር፤ አንድ ብሎን አልላላም። እንዴት እንደኮራሁ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ።

ሕሊና ወደ ሱቄ የመጣችው በዚያ ታፔላ ምክንያት ነው። ከባጃጅ ወርዳ ስልኳን አሳየችኝ፤ ፎቶው የእኔ ሥራ ነው። «የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ቀጭን ልጅ። ሰዓሊ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት አለች። «ምን ላድርግልሽ?» ስላት «እንዲነቅሉልኝ ነው» አለችኝ።

«እሱ እንዲነቀል ተደርጎ አልተሠራም» አልኳት።

«ለዚያ እኮ ነው የፈለግኩት።»

ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ይዛለች። ሲሚንቶውን ሰብረን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብን። ሱቄ ስናደርሰው ሐሳቧን ነገረችኝ። በዚህ አገር ሲሸጥና ሲለወጥ የኖረውን ሁሉ ታፔላው ላይ ልታስቀምጥ ነው። ከሰል፣ ደረቅ አሳ፣ የግንድ ቁራጭ፣ ከዲማ የመጣ የወርቅ ማጠቢያ ሳህን፣ የእርዳታ እህል ጆንያ፣ ዳሩ የተበላ የድሮ ብር። የድርጅቱ ስም ከሥር እንደታየ ይቆያል። መሐል ለመሐል ባሮ ይፈስሳል። ሥራውን «ምንዛሪ» ብላዋለች።

ለእኔ ሥዕል ማለት ፊት ነው፣ ፈረስ ነው፣ ቢበዛ የንግድ ቤት በር ላይ ያለ ዶሮ ነው። «ታዲያ ሥዕሉ የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«ጋሽ ይመር፣ ያ ጫካ በስንት ነው የሄደው?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«እኔም አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ እሱን እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው።»

በደንብ ገባኝ አልልም። ግን ደስ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስለ ፊደሉ ውፍረት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ያወራኝ ደንበኛ አልነበረም።

ለወንዙ የሚሆን ሰማያዊ ነገር ስትፈልግ፣ ስለ ዲሙይ የነገርኳት እኔ ነኝ። አፌን ቢዘጋልኝ ኖሮ። ዲሙይ የአኝዋኮች የድሮ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነው፤ አዲስ አይሠራም፣ ገበያም አይገኝም። ልጃገረድ ስትዳር የሚሰጠው እሱ ነው። ለአንድ ቤት በሴት ልጁ የገባው ዲሙይ ለወንዱ ልጅ ሚስት ይወጣል። ብርም ከብትም ይጨመርበታል፤ ጠበቅ ያሉ አባቶች ግን ያለ ዲሙይ ልጃቸውን አይሰጡም።

ይህን የማውቀው ከኦጁሉ ነው። ኦጁሉ ባሮ ላይ አሳ አጥማጅ ነው፤ የጀልባውን ቁጥር ከጻፍኩለት ቀን ጀምሮ ወዳጄ ሆነ። ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳ ይዞ እየመጣ ቤቴን ያበላ ሰው ነው። ሴት ልጁ አሪየት ስትዳር የገባለትን ሦስት ክር ዲሙይ በወተት ጣሳ አድርጎ ለልጁ ለኦቻን አስቀምጦ ነበር። ኦቻን ከወንዙ ማዶ ካለ መንደር ልጅ መርጧል፤ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል።

ሕሊናን ይዣት ሄድኩ። «በፈለጉት ዋጋ ልግዛው» አለችው። ኦጁሉ ሳቀ።

«ይሄ ሚስት ነው» አላት። «የኦቻን ሚስት። ሚስት ይሸጣል?»

«ገንዘብ ከሆነ…»

«ገንዘብ ያልቃል። ይሄ አያልቅም። ይሄዳል፣ ይመጣል።»

ይሄኔ ጣልቃ ገባሁ። ለሁለት ወር አውሰን፣ ታይቶ ይመለሳል አልኩት። ኦጁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ገብቶ ጣሳውን አመጣና በሕሊና እጅ ሳይሆን በእኔ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። «እሷን አላውቅም። አንተን ነው የማውቅ። አንተ ወሰድክ፣ አንተ ታመጣለህ። የልጅቷ አባት ክረምት ሲወጣ ይመጣል» አለኝ። «በእኔ ይሁንብህ» አልኩት። ኦቻን በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር፤ ነገሩን አለመውደዱ ፊቱ ላይ ይታያል።

ሕሊና አንድ ጥቅል የአሳ መንጠቆ ክርና ትንንሽ ማንጠልጠያ ሰጠችኝ። «ዶቃዎቹ ይንጠልጠሉ፤ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ እንደ ውሃ ይወዛወዙ» ብላ ለሦስት ቀን ፎቶ ልታነሳ ወደ ኢታንግ ሄደች።

ክሩን በጣቴ ጠምጥሜ አየሁት። ታፔላው በአይሱዙ ተጭኖ በጎሬና በመቱ አድርጎ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። የመንገዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። ክሩ ቢበጠስ የኦጁሉ ዶቃ የጭነት መኪና ወለል ላይ ተበትኖ ይቀራል አልኩ። ለኦጁሉ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ግማሹ እውነት ይሄ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በእኔ ታፔላ ላይ በክር የሚወዛወዝ ነገር መኖሩ አሳፈረኝ። ጋሽ ሰይድ ቢያዩት ምን ይሉኝ ነበር እያልኩ ነበር።

ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ ገዛሁ። የወንዙን መስመር በእርሳስ አሰመርኩ። ቀለሙን በመስመሩ ልክ ፋቅኩት፣ በማሟሟቻው በአሴቶን ጠረግኩት፣ ማጣበቂያውን በቀጭኑ ዘረጋሁ። ሦስቱን ክር ሳልበጥስ፣ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ተጭኜ በኩርባው ላይ አስተኛኋቸው። ማጣበቂያው በቀዳዳቸው ገብቶ ክሩንም ያዘው። ሲደርቅ በጥፍሬ ሳብኩ፣ በጉጠት ሳብኩ። አንድም አልተነቃነቀ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር፤ እውነተኛ ወንዝ ይመስላል።

ሕሊና ስትመለስ ብዙ ቆማ አየችው። «ክሩስ?» አለች።

«መንገዱን አይችለውም።»

እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ «ያምራል» አለች። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንነው።

ከኤግዚቢሽኑ ፎቶ ላከችልኝ። ዘንጠው የለበሱ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ታፔላዬ ፊት ቆመዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደወለች። ሥራው ተሸጧል፤ አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ ነጋዴ ገዝቶታል። «ዶቃውስ?» አልኳት።

«አይጨነቁ፤ የተውሶ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፌያለሁ። ዶቃው ይወጣል፣ በቦታው ሰማያዊ ብርጭቆ ይገባል። ገዢውም ተስማምተዋል። መጥተው ይንቀሉልኝ።»

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተነሳሁ። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያው በረራ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለወር አወራው ነበር። ከመስኮቱ ባሮን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም።

ታፔላው ነጋዴው ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ስር ተደግፎ ነበር። መጀመሪያ ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ቀኑን ሙሉ አስተኛሁበት። ማጣበቂያው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ስስ ምላጭ ከሥሩ ሰደድኩ። የመጀመሪያው ዶቃ ቅጭ አለና ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ወጣ። አራተኛው ተፈረካከሰ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሕሊና ለነጋዴው ደወለች፤ ላሜራውን ቆርጠን በሙሉ እንውሰደው ብላ ለመነች። ድምፁ ይሰማኛል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «እህቴ፣ ቦርዱ ከተቆረጠ እኔ ምን ገዛሁ ታዲያ? ዶቃውን ብቻ ነው የተስማማነው» አለ። ሐሰት አላለም። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። የድሮ ቀለም የምናነሳበትን የሙቅ አየር መሣሪያ ተውሼ አመጣሁ። ብርጭቆ ሙቀት እንደማይወድ ሕፃን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማጣበቂያው መላላት ሲጀምር ዶቃዎቹ በራሳቸው ይሰነጠቁ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከሦስት ክር ዲሙይ ደህና የወጣው አሥራ አንድ ፍሬ ነበር።

ሕሊና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ክር ሰጥቼዎት ነበር እኮ ጋሽ ይመር» አለች። ትንሽ ቆይታ «እኔም አይቼ ዝም አልኩ። አምሮኝ ዝም አልኩ» አለች። ውሉ ስለሆነ በቦታው ሰማያዊ ብርጭቆ ለጠፍኩ፤ በዚያው ማጣበቂያ።

ኦጁሉን ያገኘሁት ወንዙ ዳር መረብ ሲጠግን ነው። ጣሳውን ከፍቼ ሰጠሁት። ደህናውን አንዱን አንስቶ ፀሐይ ላይ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከሥሩ ያለውን ስባሪ በጣቱ ነካ። አጠገቡ የነበረው ኦቻን ተነስቶ ወደ ጀልባው ሄደ። ሕሊና የላከችውን ፖስታ አወጣሁ፤ ወፍራም ነበር፣ ከሥራው ሽያጭ የደረሳትን ሁሉ ነው የላከችው። ኦጁሉ በእጁ ጀርባ ገፋው። የምገባበት ጠፋኝ።

ክረምት ሲወጣ የልጅቷ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር ሄድኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ኦቻን ራሱ ነበር የሚያስተረጉመው። ገንዘቡንም አቀረብኩ። የልጅቷ አባት እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ሰውየው አልዋሸም» አለ። «ግን እኔም ወንድ ልጅ አለኝ። ለልጄ የሚመጣው ዲሙይ የእሱ ሚስት ነው። እኔ ዛሬ ብር ከተቀበልኩ ነገ ለእሱ ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

ኦቻን ይህንንም ለእኔ ወደ አማርኛ መለሰው። አንድ ቃል አልዘለለም።

ልጅቷ በበጋው ለሌላ ተዳረች። ኦቻን ወደ ዲማ፣ ወደ ወርቁ ቁፋሮ ሄደ። ሲሄድ በሱቄ በኩል አለፈ። ይሰድበኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ጋሽ ይመር፣ አባቴን እያየህ» ብቻ አለኝ። ይኸው ሁለተኛ ክረምት አለፈ፣ ወሬው የለም። ከዚያ የተመለሰ ሰው ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ኦጁሉ አልተጣላኝም። አሳ ይሸጥልኛል፣ ሰላም ይለኛል። እንደ ድሮው ግን አይቀመጥም። አንድ ቀን ጣሳውን ይዞ መጣና መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ደህናዎቹን አውጥቶ ስባሪውን ብቻ ነው ያመጣው።

«አንተ የምታጣብቅ ሰው ነህ» አለኝ። «አጣብቀው።»

ቁጣ የለበትም። ፌዝም የለበትም። የሚቻል መስሎት ነው የጠየቀኝ።

አጉሊ መነጽርና መርፌ ገዛሁ። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ሁሉ ስባሪ ከስባሪ እያገጣጠምኩ ወራት ተቀመጥኩ። ስድስት ፍሬ ገጠመልኝ። ወሰድኩለት። ኦጁሉ አንዱን ወደ ፀሐይ አነሳው። የስንጥቁ መስመር በመሐሉ ይታያል።

«ይሄ አይሄድም፣ አይመጣም» አለ፣ ቀስ ብሎ። መዳፌን ከፍቶ ስድስቱንም መለሰልኝ።

ጣሳው ዛሬ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው። ታፔላው አዲስ አበባ ሰው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሕሊና እንደነገረችኝ ምኑም አልተነቀለም። አሁን ሥራ ሲመጣልኝ ቀለሙንና ስፋቱን ከመጠየቄ በፊት የማን እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ እጠይቃለሁ። የሚመለስ ነገር ከሆነ በክር አስራለሁ።